ባቲክ፦ ቀለም የማይገባበትን ቦታ መጻፍ

የትንሣኤ ሌሊት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መፈናፈኛ የለም። ከኋላዬ የቆመች ልጅ የያዘችው ጧፍ ነጠላዬ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠብ ጠብ አለ፤ እኔ ልብም አላልኩት። በማግስቱ ነጠላውን ውሃ ውስጥ ስዘፈዝፈው ነው ያየሁት። ጨርቁ ወዲያው ራሰ፣ ሰሙ ያረፈባቸው ነጠብጣቦች ግን እንደደረቁ ቀሩ። ውሃው እላያቸው ላይ ይንከባለላል እንጂ አይገባም። ልፈትገው ስል እናቴ ቀደመችኝ። «ተይ አትፈትጊው፣ ወረቀት አድርጊበትና በካውያ ተኩሺው፣ ሰሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።» እንዳለችውም ሆነ።

ባቲክ የሚባለው ጥበብ በሙሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው። ሰም ያረፈበት ጨርቅ ቀለም አይጠጣም። ጨርቁን ቀለም ውስጥ ትነክሩታላችሁ፣ ከዚያ ሰሙን በሙቀት ታስለቅቃላችሁ፣ ከሥሩ የነበረው ቦታ እንደነበረ ይወጣል። አለቀ። መርሁ ይኼው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ጽሑፉ የረዘመብኝ የጃቫ ሰዎች ይህችን ቀላል ነገር ይዘው የት ድረስ እንደሄዱ ለመንገር ስል ነው።

ጃቫ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፣ ጃካርታ ያለችበት። ባንዱንግም እዚያው ናት፤ በ1955 የእስያና የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያም የተገኘችበት ጉባኤ የተደረገባት ከተማ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በእርግጥ ጨርቅን እየከለሉ ማቅለም የጃቫ ብቻ አይደለም። ቻይና ውስጥ በጉይዡ የሚኖሩት የሚያኦ ሰዎች ከመዳብ በተሠራች ትንሽ ቢላ ሰም እየቀቡ ነጭና ሰማያዊ ጨርቅ ይሠራሉ። ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎች በሰም ፋንታ የካሳቫ ሙቅ የመሰለ ነገር ይቀባሉ። ማሌዥያም የራሷ አላት፣ እዚያ ቀለሙን በብሩሽ መቀባት ይበዛል፤ በነገራችን ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች «ባቲክ የማን ነው» እየተባባሉ ክፉኛ ተነታርከውበታል። ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ባቲክ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ኦክቶበር 2 ቀን 2009 ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ቀን በአገሩ የባቲክ ቀን ነው፤ ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ባቲክ ለብሶ ይውላል። እየከለሉ ማቅለሙ ሁሉም ጋ አለ፤ እንደ ጃቫ ያራቀቀው ግን ያለ አይመስለኝም።

በእጅ የሚሠራውን ባቲክ «ባቲክ ቱሊስ» ይሉታል። ቱሊስ መጻፍ ማለት ነው። መሳል አይሉም፣ መቀባት አይሉም። መጻፍ ነው። ብዕሩ ደግሞ ቻንቲንግ ይባላል። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የመዳብ ጀበና አስቡ፤ ከፊቷ የተቆለመመች፣ በጣም ቀጭን አፍ አለቻት፣ ከኋላዋ የእንጨት ወይም የቀርከሃ እጀታ። የቀለጠ ሰም በሆዷ ትቀዳና በአፏ እያፈሰሰች ትጽፋለች። አፏ እንደ ሥራው ይለያያል። ለነጠብጣብ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል፣ ለመስመር ትንሽ ሰፋ ያለች፣ ሰፊ ቦታ ለመሸፈን ደግሞ ወፍራም አፍ ያላት። ሁለት ሦስት አፍ ያላትም አለች፣ ጎን ለጎን ነጠብጣብ ለመደርደር።

ሥራው ሲሠራ ብታዩት የኛን ቁም ጸሐፊ ያስታውሳችኋል። ሴትየዋ (ቻንቲንግ የሚይዙት በብዛት ሴቶች ናቸው) ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ጨርቁ ከፊቷ የቀርከሃ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገቧ ትንሽ ምድጃ አለ፣ ምድጃው ላይ ሰም የቀለጠባት ትንሽ ድስት። የግራ እጇን ከጨርቁ ሥር ታስገባና መዳፏ ላይ ታስደግፈዋለች፤ በቀኟ ከድስቱ ትጠልቃለች፣ አፏን ኡፍ ታደርጋለች፣ ትጽፋለች። ኡፍ የምትለው ለወግ አይደለም። ሰሙ ቀጭኗ አፍ ላይ ቶሎ ስለሚረጋ ቱቦዋን በትንፋሽ ትከፍተዋለች። ይህን በየጥቂት ሰከንዱ፣ ቀኑን ሙሉ።

ስህተት ከተፈጠረ ላጲስ የለም። ጠብ ያለ ሰም ጨርቁ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፤ ካልወጣ መጨረሻ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ያጋልጣል። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ያርሱታል፣ በጋለ ቀጭን ብረት እየነኩ ያነሱታል። እንደዚያም ሆኖ አንዳንዴ ምልክቱ ይቀራል። ጠንቃቃዋ ሴት ነጥቡን ቅጠል ወይም ወፍ አድርጋ ትገላገላለች።

ሰሙስ? «ማላም» ይሉታል፣ ንጹህ የንብ ሰም ብቻ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሻማ ሰም ይመስለዋል። የንብ ሰም ይለጠጣል፣ ጨርቅ ላይ ይይዛል፣ ሲታጠፍ አይሰበርም። ፓራፊን፣ ማለትም የሱቅ ሻማ የሚሠራበት፣ ርካሽ ነው ግን ተሰባሪ ነው። የዛፍ ሙጫ ደግሞ ሰሙ ጨርቁን ሙጭጭ አድርጎ እንዲይዝ ያደርገዋል። የከብት ሞራ ይለሰልሰዋል፣ በኋላም ቶሎ እንዲለቅ ያግዘዋል። ማላም የእነዚህ ድብልቅ ነው፤ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል፣ እንደ በርበሬያችን ማለት ነው፣ ሁሉም የራሱ አለው። ለቀጭን መስመር አንድ ዓይነት፣ ሰፊ ቦታ ለመድፈን ሌላ ዓይነት ይቀላቅላሉ። ያገለገለውም አይጣልም። መጨረሻ ላይ ከፈላ ውሃ ላይ ይቀፈፍና ተመልሶ ድስት ይገባል።

ሙቀቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሰሙ ከመጠን በላይ ከጋለ እንደ ውሃ ይሆንና መስመሩ ይፈሳል፣ ቀጭን የነበረው ይወፍራል። ከበረደ ደግሞ ጨርቁ ላይ ይጋገራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ቀለሙ ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። በቴርሞሜትር የሚለካ የለም። ሰሙ ሲንጠባጠብ በዓይን ያዩታል፣ በቃ።

ሰሙ ሲሰነጠቅስ ምን ይሆናል? ቀለም በስንጥቁ ይገባና እንደ ደም ሥር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል። ብዙ ሰው ባቲክን በእነዚህ ስንጥቆች ነው የሚያውቀው። የሚገርመው ግን የጃቫ ቤተ መንግሥት ባለሙያዎች ዘንድ ያ እንደ ጉድለት ነበር የሚታየው። ጥሩ ባቲክ ማለት ያልተሰነጠቀ ባቲክ ነው። ይህችን ነገር ያዟት፣ በኋላ አፍሪካ ድረስ ይዛን ትሄዳለች።

ጨርቁን ቶሎ ልለፈው። ጥጥ ነው፣ አንዳንዴ ሐር። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች አለበት፣ ስለዚህ ታጥቦ ይለቀቃል፣ ከዚያ ራሳቸው ስስ ስታርች ያጠጡታል፣ በእንጨት መዶሻ ይቀጠቅጡታል፣ ድሩና ማጉ እንዲለሰልስ። የኛ ሸማ ባለሙያ ይሄን ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ልዩነቱ እኛ ጥለቱን የምናስገባው በሽመናው ነው፤ ክሩ ራሱ ጌጥ ይሆናል። እነሱ ያለቀለትን ነጭ ጨርቅ ይዘው ነው ሥራ የሚጀምሩት።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሰውን ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው።

ሁለት ቀለም ብቻ አላችሁ እንበል፦ ሰማያዊና ቡናማ። በማዕከላዊ ጃቫ፣ በዮግያካርታና በሶሎ፣ ጥንታዊው ባቲክ በእነዚህ ነው የሚሠራው። ግን ጨርቁ ላይ አራት መልክ ታያላችሁ፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ እና ጥቁር የሚመስል። እንዴት? ምንም ቀለም ያልነካው ነጭ ይሆናል። ሰማያዊ ብቻ የጠጣው ሰማያዊ፣ ቡናማ ብቻ የጠጣው ቡናማ። ሁለቱንም የጠጣው ይጠቁራል። እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው ጨርቁ እንዳለ በርሜል ውስጥ ስለሚገባ «እዚህ ጋ ሰማያዊ፣ እዚያ ጋ ቡናማ» ብሎ ማዘዝ አለመቻሉ ነው። የምታዙት በሰሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሴትየዋ ከኋላ ወደ ፊት ታስባለች። በመጀመሪያ ሰማያዊ መሆን የሌለበትን ሁሉ ትሸፍናለች። ይህ ማለት ነጭ የሚሆነውንም፣ በኋላ ቡናማ የሚሆነውንም ነው። መስመሩን ትጽፋለች፣ ውስጡን በነጠብጣብና በሰረዝ ትሞላለች፣ ሰፋፊውን ቦታ ትደፍናለች። ከዚያ ጨርቁን ትገለብጥና ያንኑ ከጀርባው ትደግመዋለች፤ ሰሙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ቀለሙ በሌላው ይገባላ። አዎ፣ ሁሉንም ከእንደገና። እዚህ ጋ ስደርስ እኔ ብሆን ትቼው ነበር የምሄድ።

ቀጥሎ ኢንዲጎ ውስጥ ይነከራል። ኢንዲጎ ከቅጠል የሚወጣ ሰማያዊ ነው፣ የራሱ ዓመል አለው። ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ካልሟሟ ደግሞ ጥጥ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በርሜሉ ውስጥ ኦክስጅን እንዲያጣ ያደርጉታል፣ ያኔ ይሟሟል፣ መልኩም ወደ ቢጫና አረንጓዴ ይሄዳል። ጨርቁ ከበርሜሉ ሲወጣ አረንጓዴ ነው። አየር ሲያገኘው ዓይናችሁ እያየ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥጡ ውስጥም ተቆልፎ ይቀራል። አንዴ አይበቃም፤ ደጋግመው ይነክሩታል፣ ያወጡታል፣ ያናፍሱታል።

ኢንዲጎ ለባቲክ የተመቸበት ሌላ ምክንያትም አለው። በቀዝቃዛ ውሃ ይሠራል። የንብ ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። መፍላት ያለበት ቀለም ብትጠቀሙ የወር ልፋት አሥር ደቂቃ ውስጥ ድስት ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ባቲክ ሠሪ ቀለም ሲመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «ያምራል?» ሳይሆን «በቀዝቃዛ ይሠራል?» ነው።

ከሰማያዊው በኋላ ቡናማ መሆን ካለበት ቦታ ላይ ሰሙን ስለት በሌለው ብረት ትፍቃለች። ጎን ለጎን ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ መቅረት ያለበትን አዲስ ሰም ትቀባዋለች። ያልተሸፈነ ሰማያዊ ካለ እሱ ነው ጥቁር የሚሆነው። ከዚያ ቡናማው ይመጣል። «ሶጋ» ይባላል፤ ከተለያዩ ዛፎች ልጥና እንጨት የሚወጣ ነው፣ ከማንግሮቭ ዛፍ ልጥም ጭምር። ይህ ከኢንዲጎ የባሰ ትዕግሥት ይፈልጋል። ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይነከራል፣ እንዲህ እያለ ቀናት ይፈጃል። እንዲጸና ኖራ ወይም ሌላ ማዕድን ያለበት ውሃ ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ጨርቁ የፈላ ውሃ ውስጥ ይጣላል። ሰሙ ሁሉ ለቆ ይንሳፈፋል። ጨርቁ ሲጎተት አራቱም መልክ አንድ ላይ ይወጣል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሠሪዋ ራሷ ያየችው ሰም የተጨማለቀበት፣ ቡናማና ድፍርስ ነገር ነው። ሰምና ወርቅ ያልነው ነገር እኮ ከወርቅ አንጣሪ ነው የመጣው፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይገባል። ባቲክም ሰሙ ሲሄድ ነው ቅኔው የሚፈታው። እዚህ ግን ከሥር የሚገኘው የተሸሸገው ባዶ ቦታ ነው፣ ነጩ ጨርቅ ራሱ።

ሁለት ሜትር ተኩል የሚያህል አንድ ጥሩ ባቲክ ቱሊስ ሳምንታት፣ ረቂቅ ከሆነ ወራት ይወስዳል። ዋጋው ሲነገር «ለጨርቅ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ለማፋጠን ነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቻፕ የመጣው። ቻፕ የመዳብ ማኅተም ነው። ቀጫጭን የመዳብ ስትሪፖች ተጣጥፈው ሥዕሉን ይሠራሉ፤ ሰም ውስጥ ይነከራል፣ ጨርቁ ላይ ይታተማል፣ ቀጥሎ አጠገቡ፣ ቀጥሎ አጠገቡ። ከባድ ስለሆነ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው የሚሠሩበት። ወር የሚፈጀው ሥራ ወደ ቀናት ወረደ። ቻፕ ባቲክ ነው ወይ? ነው። ሰም አለ፣ ንክር አለ፣ ማፍላት አለ። ቱሊስ ግን አይደለም፣ ሻጩ ያንን ከደበቃችሁ ሌባ ነው።

ስለ ሥዕሎቹ አንድ ሁለት ነገር ካላልኩ ቅር ይለኛል። ሁሉም ሥዕል ስም አለው፣ ስሙም ለጌጥ አይደለም። ፓራንግ የሚባለው በሰያፍ የሚወርድ፣ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ ረድፍ ነው፤ በዮግያካርታና በሶሎ ቤተ መንግሥቶች ለነገሥታቱ ወገን ብቻ የተፈቀደ ነበር። ተራ ሰው ቢለብሰው ያስቀጣ ነበር። ካውንግ አራት አራት ሆነው የተገጠሙ እንቁላል መሳይ ቅርጾች ናቸው፣ እሱም የተከለከለ ነበር። ትሩንቱም ትንንሽ ከዋክብት የተበተኑበት ነው፤ በሠርግ ጊዜ የሙሽሮቹ ወላጆች ይለብሱታል። በአንጻሩ ፓራንግን ለሠርግ መልበስ ብዙዎች አይወዱም፣ በትዳሩ ጠብ ያመጣል ይላሉ። ልክ እኛ ጋ በለቅሶና በሠርግ የሚለበሰው እንደሚለየው።

ወደ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ስትሄዱ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ወደብ ነው፤ ቻይናው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ደቹ ሁሉም አልፎበታል። ቀለሙ ይደምቃል። ቺሬቦን ውስጥ ሜጋ ምንዱንግ የሚባል የደመና ሥዕል አለ፣ ሰማያዊው ከስሱ ወደ ደማቁ እየተደራረበ የሚሄድ፣ የቻይና ሥዕል ውስጥ ያለውን ደመና ቁርጥ። ላሰም የምትባለው ከተማ በቀይ ትታወቃለች፤ ቀዩን «የዶሮ ደም» ይሉታል። «የሦስት አገር ባቲክ» የሚባልም አለ። ቀዩን ላሰም፣ ሰማያዊውን ፔካሎንጋን፣ ቡናማውን ሶሎ ላይ ያቀልሙት ነበር ይባላል፤ አንድ ጨርቅ ሦስት ከተማ ዞሮ። የትኛው ከተማ የቱን ቀለም አሳምሮ እንደሚያወጣ ይታወቃላ።

የአፍሪካውን ታሪክ ቃል ገብቼ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጃቫን የሚገዙት ደቾች ነበሩ። አሰቡ፣ «ይህን በእጅ ወር የሚፈጅ ጨርቅ በማሽን አምርተን ለራሳቸው መልሰን ብንሸጥላቸውስ?» አደረጉት። በሰም ፋንታ ሙጫ እየተጠቀሙ በሁለቱም የጨርቁ ገጽ አተሙት። ግን ሙጫው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ቀለም ይገባል። ጃቫዎች ደግሞ፣ እንዳልኳችሁ፣ ስንጥቅ አይወዱም። ነገሩ እንዳሰቡት አልሄደም። ያው ጨርቅ ግን ምዕራብ አፍሪካ ሲደርስ እጅ በእጅ ተወሰደ። እዚያ ያ ስንጥቅ ተወደደ፣ ሁለት ሜትር ጨርቅ ከሌላው ሁለት ሜትር አለመመሳሰሉ ተወደደ። ዛሬ አንካራ ወይም «የአፍሪካ ጨርቅ» እያልን የምንገዛው የዚያ ልጅ ነው። በ1846 ሄልሞንድ በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ የተመሠረተው ቭሊስኮ እስካሁን ያመርተዋል። በየመድረኩ አፍሪካዊነቱን ለማሳየት አንካራ የሚለብስ ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ይከፋዋል። አይክፋው፤ ጨርቁ የተወለደበት ሌላ፣ ያሳደገው ሌላ።

ሁሉ ነገር ግን ውብ አይደለም። ዛሬ አብዛኛው ባቲክ በተፈጥሮ ቀለም አይሠራም። ሶጋ ሳምንት ሲፈጅ ኬሚካሉ በሰዓት ይጨርሳል፣ ቀዩም ቀይ ነው፣ ቢጫውም ቢጫ። ችግሩ የተረፈው ቀለም የት ይሄዳል ነው። ፔካሎንጋን ውስጥ ብዙ ጊዜ መልሱ ወንዝ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ከተማዋን ጎርፍ ሲመታት ጀንጎት የምትባል መንደር ውስጥ ጎርፉ ደም መስሎ ነው መንገዱን የሞላው። የባቲክ ቀለም ነበር። ፎቶውን ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ሌላው ክፍያው ነው። ያቺ ኡፍ እያለች ቀኑን የምትጽፍ ሴት የምታገኘው ጨርቁ ሱቅ ገብቶ ከሚያወጣው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ልጆቿ ፋብሪካ ወይም ከተማ ይመርጣሉ፣ ሰም ጋ የሚቀመጡት እያረጁ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎቻችንን የሚያውቅ ሰው ይሄን ታሪክ በሌላ ስም ሰምቶታል።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት ትለያላችሁ? ይህን የምለው ተበልቼ ስለማውቅ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ከጉዞ ስትመለስ «በእጅ የተሠራ ባቲክ» ብላ ሻርፕ አመጣችልኝ፣ ያወጣችበትን ስትነግረኝ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ገለበጥኩት። ጀርባው ነጣ ያለ፣ የደበዘዘ። በቃ፣ ህትመት ነው። ለሷ ምንም አላልኳትም፣ አሁን ካነበበችው ይቅርታ።

ጀርባውን ማየት የመጀመሪያው ነው። ቱሊስ ከፊትም ከኋላም አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ሰሙም በሁለቱም በኩል ነው፣ ቀለሙም በንክር ነው የገባው። የታተመ ጨርቅ ቀለሙ እላዩ ላይ ነው። ቀጥሎ ነጠብጣቦቹን ተመልከቱ። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ሁለት እኩል ነጥብ አታገኙም፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ዘመም ይላል። ሁሉም እኩል ከሆነ ማሽን ነው። ቻፕ ከሆነ ደግሞ በየስንዝሩ ሥዕሉ ራሱን ይደግማል፣ ማኅተም ከማኅተም በሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ መዛነፍ ይታያል። አሽትቱትም። አዲስ ባቲክ ትንሽ ሰም ሰም ይላል። ዋጋው በጣም ርካሽ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ፍተሻ አያስፈልገውም። እኛም ገበያ ላይ የታተመ ጥለት ያለበት «የሐበሻ ልብስ» እናይ የለ? ዘዴው አንድ ነው፣ ገልብጡት።

ልሞክረው የሚል ካለ፣ ቀላል ነው፣ መሞከሩ ማለቴ ነው። አቡጀዲ ግዙ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ስታርቹ ይልቀቅ። ሰም እኛ አገር አይቸግርም፤ ጠጅ ጣይ ቤት ሰፈፍ አይጠፋም፣ አንጥሮ ማውጣት ነው። ሰሙን ግን እሳት ላይ በቀጥታ እንዳትጥዱ። ከጋለ ይቀጣጠላል፣ ቀልድ አይደለም። ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ሌላ ትንሽ ድስት አስገቡና በውሃው ሙቀት ይቅለጥ፤ እንዲህ ሲሆን ከመቶ ዲግሪ አያልፍም። ቻንቲንግ ከሌላችሁ ብሩሽ ይበቃል። ቀለሙ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራ መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ። እኔ የመጀመሪያው ላይ ሰሙ በርዶብኝ ቀለሙ ከሥር ገባ፣ መስቀል ለመሥራት ፈልጌ ሸረሪት ወጣልኝ።

ባቲክ ያለው ሰው ደግሞ በኦሞ አይጠበው። ጃቫ ውስጥ ሌራክ በሚባል የዛፍ ፍሬ ነው የሚያጥቡት። ፍሬው ውሃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፣ ቀለም ሳይነካ እድፉን ብቻ ያነሳል። የኛ እንዶድ ማለት ነው፤ አያቶቻችን ነጠላ ያነጡበት። እናቴ ከገጠር ያስመጣችው ትንሽ እንዶድ ቤት ነበር፣ ያንን ባለሸረሪቱን አቡጀዲ አጠብኩበት፣ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። ቀለሙ አልለቀቀም። ሸረሪቱም።